የጣቢታ ልብሶችና የዘመናችን መስተዋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ከቁጥር 36 እስከ 42 ድረስ የአንዲት ደግ ሴት ታሪክ ተጽፎልናል። ስሟ ጣቢታ፣ የምትኖርበትም ከተማ ኢዮጴ ነበረ። ይህች ሴት ታማ ባረፈች ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ ከልዳ ተጠርቶ መጣ። አስከሬኗ ወዳለበት ሰገነት በወጣ ጊዜም መበለቶች ከበውት እያለቀሱ፣ በሕይወቷ ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች አሳዩት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እናስተውል። ለሐዋርያው የታየው ልብስ ጣቢታ ለብሳ ያጌጠችበት ሳይሆን ሌሎችን ያለበሰችበት ነው። መበለቶቹም ኀዘናቸውን የገለጡት በአካል ተሰብስበው፣ በአስከሬኗ አጠገብ ቆመው ነው። ስለ ልብስና ስለ ማኅበር ዛሬ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ ሰገነት የሚነሣ ነው።

ዘመናችን ለልብስም ለማኅበርም አዲስ አደባባይ ከፍቶአል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ከተማ የሚኖር ወጣት፣ እንደ ማንኛውም የኢትዮጵያ ወጣት፣ በእጁ በያዘው ስልክ ከዓለም ጋር ይነጋገራል። የጽዋ ማኅበሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የዕድሩና የአብሮ አደጎቹ ጉባኤ በቴሌግራም ተቋቁሞአል። ከመስቀል ጋር ተቀራርቦ የሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስም፣ በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የሚሸመነው ዱንጉዛ በልዩ ልዩ ዐይነት ተሰፍቶ፣ የለባሹ ምስል በፌስቡክና በቲክቶክ ይወጣል። ወዲያውም ስንት ሰው እንደ ተመለከተው፣ ስንት ሰው እንደ ወደደው ይቈጠራል።

ይህ አካሄድ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ራቅ ወዳሉት አገሮች እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ አገር ሊንደን ላብ የተባለ ኩባንያ «ሰከንድ ላይፍ» የሚባል፣ ትርጓሜውም «ሁለተኛ ሕይወት» የሆነ፣ በኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ያለ ዓለም ከፈተ። ወደዚያ የሚገባ ሰው ለራሱ ምስል ያበጃል፤ በምስሉም ይመላለሳል፣ ጎረቤት ይይዛል፣ ማኅበር ይገባል። ለምስሉም በእውነተኛ ገንዘብ ልብስ ይገዛለታል። የእነዚህን ልብሶች አዳዲስ ስፌት ለማሳየትና ለማወደስ ዘወትር የሚጽፉ ሰዎችም አሉ። ያልተፈተለ፣ ያልተሸመነ፣ ማንንም ከብርድ የማያድን ልብስ! እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ምስሎች የሚንበረከኩባት የኮምፒዩተር ቤተ ጸሎት ለጥቂት ወራት ተከፍታ ነበር። ብዙ ሰዎች ገቡባት፤ ነገር ግን ምስሉ ሲንበረከክ የባለቤቱ ጉልበት አልታጠፈም።

እንግዲህ መሣሪያውን እንርገመው? አይደለም። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ባሕር ማዶ የሄደ የወላይታ ልጅ የእናቱን ድምፅ የሚሰማው በዚህ መሣሪያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ተሐዋሲ በገባ ጊዜም ብዙ ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ቅዱሳን ሐዋርያትም በሩቅ ላሉት ምእመናን መልእክት ይልኩ ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ዮሐንስ በሁለተኛይቱ መልእክቱ በቁጥር 12 የሚጽፈው ብዙ ነገር ሳለው ሁሉን በወረቀትና በቀለም ሊጨርሰው እንዳልወደደ፣ ደስታው ፍጹም የሚሆነው ፊት ለፊት ሲነጋገሩ እንደ ሆነ ይነግረናል። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 2 ቁጥር 17፣ ፊታቸውን ለማየት እንዴት እንደ ናፈቀ ይገልጣል። መልእክቱ መንገድ ነበረ፤ መድረሻው ግን መገናኘት ነው።

የሃይማኖታችንም መሠረት ይኸው ነው። እግዚአብሔር አስቀድሞ በነቢያት አፍ ተናገረ፤ በመጨረሻ ግን ቃል መላክ ብቻ ሳይሆን ቃል ራሱ ሥጋ ሆኖ በመካከላችን አደረ። ለምጻሙን ዳሰሰው፤ የሙት ልጅ የተኛበትን ቃሬዛ ነካ፤ የደቀ መዛሙርቱን እግር በእጁ አጠበ። ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም፣ ገድላቸው እንደሚነግረን፣ ወንጌልን ወደ ዳሞት የወሰዱት ራሳቸው ሄደው፣ ከሕዝቡ መካከል ተገኝተው፣ በንጉሡ በሞተለሚ ፊት ቆመው ነው። ቅዱስ ቁርባንም እስከ ዛሬ ድረስ በአፍ ይቀበሉታል እንጂ በስልክ አይደርስም።

የመገኘትን ዋጋ ካስተማሩን ነገሮች አንዱ ከወላይታ ብዙም ሳይርቅ ሆኖአል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንዶ ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤቶቻቸው ጩኸት ሰምተው ሮጠው መጡ፤ በእጃቸውና ባገኙት መሣሪያ ሁሉ አፈሩን ይቆፍሩ ጀመር። እነርሱ ሲቆፍሩም ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ብዙዎቹን ቀበራቸው። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ናዳ የሰው ሕይወት ቀጠፈ። በዚያ ሰሞን ብዙዎቻችን በየስልካችን የሻማ ሥዕል አወጣን። በዚያው ስልክ ርዳታ የላኩ ነበሩ፤ የሻማውን ሥዕል ብቻ አሳይተው ያለፉም ነበሩ። እኛ ከየትኞቹ ነበርን? እነዚያ ቈፋሪዎች ግን ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለሚሰጥ ሰው ጌታ የተናገረውን በአፈርና በደም ፈጸሙት።

አሁን ወደ ገዛ ማኅበራችን እንመለስ። ስድሳ አባላት ያሉት አንድ የጽዋ ማኅበር በቴሌግራም ይገናኛል እንበል። አንዲት አረጋዊት እናት መታመማቸው ተጻፈ። አርባ ሰው «እግዚአብሔር ይማርዎት» ብሎ ጻፈ፤ ሃያውም የተጣመሩ እጆችን ሥዕል ላከ። እናታችን ግን ስልክ የላቸውም፤ በዚያች ሌሊት ውኃ የሚያቀብላቸው አጥተው አደሩ። ቅዱስ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ከቁጥር 15 እስከ 16 የገሠጸው ይህንኑ ነው። የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ቃል አሰናብቶ ለሥጋው የሚያስፈልገውን የማይሰጥ ሰው ቃሉ ምን ይረባል? ስድሳው ሰው ክፉ ልብ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይቶ «ሰው ደርሶላቸዋል» ብሎ አሰበ እንጂ። የዘመኑ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ሳንሄድ የሄድን፣ ሳንሰጥ የሰጠን ያስመስለናል።

ስለ ልብስም እንዲሁ ነው። ዱንጉዛ መልበስ ነውር አይደለም፤ የሸማኔውን እጅ የሚያስከብር፣ የልብስ ሰፊውን ቤት የሚያበላ የአባቶች ቅርስ ነው። ነጠላችንም የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ነው። የሚያስፈራው ልብሱ ሳይሆን የተመልካች ቊጥር የነፍስ ሚዛን ሲሆን ነው። አንዲት ልጅ የሚወዳት ሰው አነሰ ብላ ስታዝን፣ ሌላይቱ ለአንድ ቀን ምስል ስትል ስትበደር፣ የድኻውም ልጅ አሮጌ ልብሱ መሳለቂያ ሲሆንበት፣ ያ ጌጥ ሸክም ሆኖአል። በቲክቶክም በገንዘብ የተገዛ የአንበሳ ሥዕል ለሚያደንቁት ሰው የሚልኩ አሉ፤ ያ ገንዘብ ለአንድ ሕፃን ስንት ሹራብ በገዛ! ዮሐንስ አፈ ወርቅ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበሩ በደጅ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን የሚያልፉትን ሰዎች ገሥጾአል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ በመጨረሻው ቀን ጌታ የሚጠይቀን የታረዘውን አልብሰን፣ የታመመውን ጎብኝተን እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። የመጀመሪያው፣ በማኅበራችን ገጽ ላይ ሕመም ወይም ኀዘን በተጻፈ ጊዜ ከምኞቱ ቃል አስቀድሞ «ዛሬ ማን ይሄዳል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ የሚሄደውም ሰው ስሙን ይጻፍ። ሁለተኛው፣ በጊፋታና በመስቀል አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሁሉ ለአንድ ለታረዘ ሰው ድርሻ ያውጣ፤ ወንዶች ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ አስቀድመው ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት የጊፋታ ልማድ ለዚህም መንገዱን አሳይቶናል። ይህን ምጽዋት ግን ፎቶግራፍ አንሥተን አናውጣው፤ የተቀባዩን ፊት በአደባባይ ማሳየት ያለበስነውን መልሶ መግፈፍ ነው። ሦስተኛው፣ አባቶች ካህናት ሆይ! የንስሐ ልጆቻችንን በስልክ እንምከር፤ ነገር ግን ደጃቸውን መርገጥን አንተው። የቤቱን ችግር በስልክ የማይነግረንን ሰው፣ ምድጃው ቀዝቅዞ ስናየው እናውቅለታለን።

ምእመናን ሆይ! እኛም አንድ ቀን እንደ ጣቢታ እንተኛለን። በዚያች ሰዓት በስልካችን የተከማቸው ምስል ሁሉ አይረዳንም። በአጠገባችን የሚቆሙት፣ «ይህን ልብስ ያለበሰኝ እርሱ ነው፤ በታመምኩ ጊዜ የመጣች እርሷ ናት» የሚሉት ናቸው። ይህን ምስክር የሚያዘጋጅ ልብና እግር ይስጠን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ጸሎትና በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።