ፈንግል ነው ብለሽ አትለፊው

ልጄ፣ እስቲ አረፍ በይ። በብድር ያመጣሻቸውን ቄቦች አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ሦስቱ ሞተው ስታገኚ «ፈንግል ነው» ብለሽ ጓሮ ጣልሻቸው አሉኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፈንግልን አባቶቻችንም ያውቁታል። ክረምት ሊገባ ሲል ይመጣል፤ አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀዝናል፣ ቆጡን ባዶ ያስቀራል። የወፍ ጉንፋን የሚሉትም እንዲሁ ነው የሚፈጅ፤ እሱ ደግሞ ለሰው ይተርፋል። ሁለቱን ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጉራጌ ውስጥ ጉብሬ በሚባል ቦታ የእርባታ ዶሮዎች ሲረግፉ አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። የተፈራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ የታወቀው ናሙናው ተመርምሮ ነው። በዚያው ዓመት ግን የወፍ ጉንፋኑ ከመተማ ማዶ ሱዳን ገብቶ ነበር።

እኛ ደግሞ የጣና ጎረቤት ነን። ጥቅምት ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ወፎች የፎገራን ረግረግ ይሞሉታል። ዳክዬ ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ሳይታመም ሊዞር ይችላል፤ ኩሱ ያረፈበት ቀዝቃዛ ውሃም ብዙ ቀን ይዞ ያቆየዋል። ወፎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ መምጫቸውን ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ዶሮሽን ግን ጉማራ ወንዝ ዳር አታሰማሪ። የውሃ ወፍ በብዛት ሞቶ ብታዪ ልጆቹ እንዳይነኩት፣ ለእንስሳት ሐኪሙም ንገሪ።

የሚያናግረኝ የራሴ በደል ነው። አንድ ጊዜ፣ የታመመች ዶሮ ይዤ ሐሙስ ገበያ ወጣሁ፤ ሳትሞት ልሽጣት ብዬ። የገዙኝ የሰፈራችን ባልቴት ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ቤታቸው አንዲት ጫጩት አልቀረችም። ብራቸውን መለስሁ። እሳቸው «ተወው ልጄ» አሉኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተውሁትም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንዲሉ፣ ያን ቀን የታየኝ ብሩ ብቻ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የታመሙትን ዶሮዎች አትረጃቸው፣ አትሽጫቸው፣ ወንዝም አትጣያቸው። የእንስሳት ሐኪሙ የታመመችውን ዶሮ ጉሮሮና ፊንጢጣ በጥጥ ጠርጎ፣ ናሙናውን በረዶ ባለው ሣጥን አድርጎ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ይልካል፤ ካስፈለገም ሰበታ ወደ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። ከበሰበሰ በድን ብዙ አይገኝም፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዶሮዎቼን ያስፈጁብኛል ብለሽ ትፈሪ ይሆናል፤ ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ ዕዳ አለብሽ። ፈንግል ከሆነ ግን ለጎረቤቶችሽ ዶሮዎች ክትባቱ አለ፤ ቢሾፍቱ ይመረታል። የወፍ ጉንፋን ከሆነ ደግሞ ልጆችሽ ከነዚህ ዶሮዎች ጋር ነው የሚያድሩት።

አሁን ያቺን የተኮራመተችውን ዶሮ ለይተሽ ቅርጫት ድፊባት። እጅሽን በላስቲክ ሸፍኚ፣ ስትጨርሺም በሳሙና ታጠቢ። ሐኪሙን እኔ እደውልለታለሁ። የጓሮዎቹን ውሻ እንዳይጎትታቸው ክደኛቸው፤ ሐኪሙ አይቶ ቅበሩ ሲል አካፋውን ይዤ እመጣለሁ።