መርዙን በስሙ እንጥራው



በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 ከቁጥር 38 እስከ 41 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። በጌልገላ ረሀብ በሆነበት ዘመን ነቢዩ ኤልሳዕ ለደቀ መዛሙርቱ ወጥ እንዲሠራላቸው አዘዘ። ከእነርሱም አንዱ ወደ ሜዳ ወጥቶ ምንነቱን የማያውቀውን የዱር ፍሬ ለቀመ፤ ቆራርጦም በምንቸቱ ጨመረው። ሰዎቹ ቀምሰው ሞት እንዳለበት ባወቁ ጊዜ ጮኹ። ነቢዩም ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበት፤ መብሉም ደኅና ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ያ ደቀ መዝሙር የወጣው ባልንጀሮቹን ሊመግብ ነበር፤ የጎደለውም ዕውቀት ብቻ ነው። ዛሬም በየቤታችን ሞት ወደ ምንቸቱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው።

በቋንቋችን ለተባይና ለአረም የሚሆነውን ኬሚካል ሁሉ «መድኃኒት» እንለዋለን፤ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። መድኃኒት ማለት የሚያድን ማለት ነው፤ ጌታችንንም መድኃኔ ዓለም ብለን የምንጠራው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ለገዳዩ ነገር የአዳኙን ስም ስለሰጠነው፣ አያያዛችንም እንደ ስሙ ሆነ። ከእህሉ ጎን፣ ከመኝታው ራስጌ፣ ሕፃናት በሚደርሱበት መደርደሪያ ላይ እናኖረዋለን። መርዝ ብለን ብንጠራው ግን እጃችን ራሱ ይጠነቀቅ ነበር።

ይህን ስንል ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። በጉና ተራራ ዙሪያ በፋርጣና በላይ ጋይንት ድንችና ገብስ የሚያመርት ሰው፣ ዝናብ ሲበዛ ማሳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠቁርበት፣ የደከመበት እህል በጎተራ ሲነቅዝበት መጨነቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጎተራ የሚጨመረው የነቀዝ ኪኒን ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ያም ጋዝ ነቀዙን ከተኛው ሕፃን አይለይም። ዲዲቲም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፤ በሰውና በእንስሳ ስብ ይከማቻል፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህም በ1993 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት፣ እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ከመከላከል በቀር በዲዲቲ መጠቀምን ገድቧል፤ አገራችንም ስምምነቱን በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። ለትኋን፣ ለእህልና ለጓሮ አትክልት የሚሆን ዲዲቲ የለም።

ጉዳቱ በአንድ አጥር ውስጥም አይቀርም። ከጉና ቁልቁለት የወረደው ጎርፍ በርብና በጉማራ ወንዞች በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይደርሳል። በላይ የሚረጭ ሰው በታች የሚጠጣውን ወንድሙን አያየውም፤ እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ያያል። አዳም በገነት የተቀመጠው ምድርን እንዲያለማትና እንዲጠብቃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ያስተምረናል፤ ማልማትና መጠበቅ አይነጣጠሉም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ የሰውን ጤና ከሚጎዱት ብክለቶች መካከል ፀረ ተባይንና ፀረ አረምን ጠቅሰዋል።

አሥሩ ትእዛዛት መግደልን ሲከለክሉ ይህንንም ይመለከታሉ። በመያዣው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ የሚያወጣ፣ ለራሱ ልጆች ግን ያልተረጨውን ለይቶ የሚያስቀር፣ የባልንጀራውን ልጅ እንደ ልጁ አላየም። ይህም ለኑዛዜ የሚቀርብ ነገር ነው።

ኤልሳዕ ምንቸቱን ያዳነው በቤት በሚገኝ ዱቄት ነበር። እኛም በእጃችን ያለ ብዙ ነገር አለን። እህል በደንብ ከደረቀና ጎተራው ከአሮጌው ፍርፋሪ ከጸዳ ነቀዝ ይቀንሳል፤ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ታስሮ ሲቀመጥም ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። የጎመን ቅማል በሳሙና ውኃ ይታጠባል። ትኋንና ቁንጫ በፈላ ውኃ፣ መኝታን ፀሐይ በማስመታትና የግድግዳን ስንጥቅ በመለሰን ይቀንሳሉ። መርጨት ግድ ሲሆንም ንቦች በሚሰማሩበት ሰዓት፣ አበባም በፈካበት ማሳ አይሁን።

ማንኛውም ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ ለገበያ እንዳይቀርብ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይደነግጋል፤ ስለዚህ ጽሑፍ በሌለው ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጠውን አንግዛ። ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክም ፀረ ተባይ ወይም በረኪና አንቅዳ፤ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና። በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር መቀላቀልም ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እጣቢው በዚያው በሚረጨው ማሳ ላይ ይፍሰስ፤ ዕቃው ይበሳ እንጂ ለጠላ፣ ለዘይት ወይም ለወተት አይዋል፤ በግቢም አይቃጠል። አገራችን ጊዜው ያለፈበትን 1,500 ቶን ገደማ ፀረ ተባይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በከፍተኛ ሙቀት ለማስቃጠል እስከ ፊንላንድ ድረስ መላክ ግድ ሆኖባት ነበር። መርዝ በጓሮ እሳት አይጠፋም።

አንድ ነገር በሐዘን እንጨምር። በተስፋ መቁረጥ ሰዓት በእጅ አጠገብ የተገኘ መርዝ የአንድ ሌሊትን ምሬት የማይመለስ ሞት ያደርገዋል። ስለዚህ መርዝ ከመኖሪያ ቤት ውጭ፣ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመኖሩ ነው። ልቡ የተሰበረውንም ወንድማችንን ብቻውን አንተወው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ትምህርታችሁ ልጆቹን «በቤታችሁ መርዝ የት ተቀምጧል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለወላጆች አድርሱ፤ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያም ጋብዙ። በኤልሳዕ ዘመን የቀመሱት ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም ይበሉ ነበር።

ከተማችን ደብረ ታቦር የጌታችን ብርሃን የተገለጠበትን ተራራ ስም ይዛለች። በነሐሴ 13 ቀን በየደጃፉ ለሚመጡ ልጆች ሙልሙል የምንሰጥ ሕዝብ ነን። ያ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚሰጥ እጅ፣ እህሉንም ንጹሕ አድርጎ ይስጥ። ከምንቸቱ ታሪክ ቀጥሎ ኤልሳዕ 20 የገብስ እንጀራ 100 ሰዎችን አጥግቦ እንደተረፈ እናነባለን፤ ያ አምላክ የእኛንም ገብስ ይባርክልን፤ ጎተራችንንም ከሞት ይጠብቅልን። አሜን።