ጦርነት ለባላገር የሚያልቀው መቼ ነው?

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድልን በዓል ስናከብር የምናስበው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የገቡበትን ዕለት ነው። ጠላትም ከተማይቱን የያዘው በ1928 ዓ.ም. በዚያው ቀን ስለ ነበረ፥ የሁለቱ መገጣጠም ለበዓሉ የተለየ ግርማ ሰጥቶታል። በደርግ ዘመን ግን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ የእንግሊዝ ጦር ወደ አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነበርና። ኋላም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ይህን ማንሣታችን የቀን ክርክር ለመቀስቀስ አይደለም። የጦርነት መጨረሻ በአዋጅ ከወር ወደ ወር የሚዛወር ከሆነ፥ ጦርነቱን በቤቱና በማሳው ላይ የተቀበለው ሕዝብ መጨረሻውን በምን ይቈጥረዋል ብለን ለመጠየቅ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የምዕራብ ጎጃምን አገር ምስክር አድርገን እንጥራ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ከረገጡ በኋላ፥ ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው ጥቂት ጦርና የጎጃም አርበኞች የቡሬን ምሽግ አስጨነቁት። የጠላት ጦር በቍጥር እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ ሄደ። እንግዲህ በቡሬ ጦርነቱ ከአዲስ አበባው በዓል ሁለት ወር ቀድሞ አለቀ ማለት ነው። በጎንደር ደግሞ ጠላት እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ነገር ግን ባላገሩ በቀን መቍጠሪያ ላይ ከተጻፈው ቀን ይልቅ የእርሻውን ወራት ያውቃል። የካቲትና መጋቢት በዚያ አገር መሬቱ የመጀመሪያውን እርሻ የሚታረስበት፥ ጎተራውም እየጐደለ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሁለት ጦር፥ አንዱ እየሸሸ አንዱ እየተከተለ፥ ያለፈበት ይህን ወራት ነው። ከሱዳን የመጡት ግመሎች የጎጃምን ደጋ አልቻሉትም፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩት በየመንገዱ አለቁ። የሚያልፍ ጦር ወዳጅም ቢሆን ይበላል፤ ይህን ለማለት የታሪክ መምህር መሆን አያሻም። ስለዚህ ለዘር የተቀመጠው እህል በተበላበት፥ በሬው በተነዳበት ቤት ጦርነቱ የካቲት 25 ቀን አለቀ ለማለት እንቸገራለን። በዚያ ቤት ጦርነቱ ያለቀው፥ ያለቀ እንደ ሆነ፥ በክረምት የተዘራው ጤፍ ታጭዶ አውድማ ላይ በወጣ ጊዜ ነው። ያም ኅዳር ነው። በእህል አቈጣጠር የቡሬ ባላገር ሰላም ያገኘው ጎንደር ነፃ በወጣችበት ወር ነው ብንል ስሕተት አይመስለንም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ቍጥር ደግሞ አለ፤ እርሱም የጎረቤት ሒሳብ ነው። በወረራው ዘመን ምሽጉ በከተማ፥ አርበኛው በገጠር ነበረ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን የመሳሰሉ የጎጃም አርበኞች ስማቸው በታሪክ ተጽፏል፤ መጻፉም ይገባል። በሶውን የፈጨችላቸው፥ ቈሎውን የቈላችላቸው ሴት ግን ስሟ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ይህችው ሴት በገበያው ቀን ወደ ቡሬ ወርዳ እህሏን ሽጣ ጨው መግዛት ነበረባት፤ ገበያው ደግሞ ምሽጉ አጠገብ ነው። ቀን የሸጠችውን ማን እንደ በላው፥ ሌሊት የሰጠችውን ማን እንደ ወሰደው ታውቃለች። ታዲያ ይህችን ሴት ምን ብለን እንጥራት? የውስጥ አርበኛ ወይስ ባንዳ?

እኛ በበኩላችን እህሉን የሸጠውንና ጎረቤቱን የሸጠውን በአንድ ሚዛን አንመዝንም። እህሉን የሸጠ ልጆቹን አድኗል፤ ምንም እንኳ በእህሉ ጠላት ቢበላበት፥ በዚያው እህል ዋጋ የቤቱ እሳት ሳይጠፋ ሰነበተ፤ አርበኛውም ሌሊት መጥቶ የሞቀው በዚያው እሳት ነው። ጎረቤቱን የሸጠ ግን የተለየ ነው። ይሁን እንጂ በመካከላቸው አንድ ሰው ቆሞ እናያለን፤ ቤቱ እንዳይቃጠል ሲል በማስፈራራት ተገዶ የሌላውን ቤት በጣቱ ያመለከተ ሰው። ይህን ሰው ከሩቅ ሆኖ መኰነን ቀላል ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ይቅር ማለትም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው፤ ሁለቱም ለእኛ የተሰጠ ሥልጣን አይመስለንም።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ለክፉ ክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት የሠራውንም ግፍ እንዳይሠራ አዘዋል። ትእዛዙ ብልህነት ነበረው፤ ብዙ ደምም አድኗል ብለን እናምናለን። ነገር ግን መንግሥት ሊከለክል የሚችለው በቀልን ነው፤ ይቅርታ የሚሰጠው ግን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ነው። በጎጃም ይህ ነገር የሚፈጸመው ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ ካህኑ መስቀል ይዘው፥ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቀርብ ነው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ጋዜጣ አይዘግበውም፥ መድፍም አይተኰስለትም። የጦርነቱ ሁለተኛ ማለቂያ ይህ ነው፤ ያልታረቁት ሁለት ጎረቤቶች ድንበር ላይ ጦርነቱ የሚያዝያ 27ን ሰልፍ አልፎ ዘልቋል።

ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያወጡላት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሆናቸው ይነገራል። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ጦር ያለፈበትን መንገድ የሰላም ብሎ መሰየም የአሸናፊ ወግ ነው ቢባል አንቃወምም፤ ቢሆንም ከመታሰቢያ ሐውልት ሁሉ ይህን ስም እንመርጣለን፤ ሐውልት በዓመት አንድ ቀን አበባ ይደረግለታል፥ የከተማን ስም ግን ገበያተኛው በየሳምንቱ ይጠራዋል።

በዚህችው ከተማ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም.፥ በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ ነሐሴ 7 ቀን ከአየር በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ባለሥልጣን ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። ነሐሴ በምዕራብ ጎጃም ጤፍ የሚታረምበት ወር ነው። በዚያ ነሐሴ ከማሳው የቀረውን ሰው አረሙን ማን አረመለት? ለአርበኞች በሶ እንደ ፈጨችው ሴት ሁሉ፥ የዚህም ሰው ስም በየትም አይገኝ ይሆናል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይህን እንዲጠይቁ ቢልኳቸው ደስ ይለናል፤ የድሮውንም ጨምረው ይጠይቁ። በ1933 ዓ.ም. ከአባቱ በሬ ኋላ ይሄድ የነበረ የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ ዘጠናን ተሻግሯል። በነሐሴ 2015 አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ግን ገና ለትምህርት በሚገባው ዕድሜ ላይ ነው።