የማያውቁት አገር አይናፍቅም፦ አንድ ምሳሌ በአንድ የልጅነት ፊልም ሲፈተን

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው ምሳሌ ናፍቆትን ከትውውቅ ጋር ያስራል። ሰው የሚናፍቀው ውኃውን የጠጣበትን፣ መንገዱን የተመላለሰበትን፣ ሰዉን የለመደበትን ቦታ ነው፤ ያልረገጠውን ምድር ቢጓጓለት እንኳ ሆዱ አይባባለትም ማለት ነው። ምሳሌው ለአገር ብቻ አይነገርም። ድሎት ያላየ ሰው ድሎት ሲቀርበት እንደማይከፋው፣ አባቱን ሳያውቅ ያደገ ልጅ እንደ ሌላው ወላጅ አልባ እንደማይጎዳ ለማመልከትም ይጠቀሳል። አንዳንዴ ማጽናኛ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ስለ ሩቅ አገር ኑሮ በወሬ ብቻ የሚቃጠለውን ወጣት ለማብረድ ከሽማግሌ አፍ ይወጣል።

በጉራጌ ምድር ምሳሌው ገና ከመነሻው ጥያቄ ይገጥመዋል። ከእንሴኖ፣ ከቡታጅራና ከወልቂጤ አካባቢ ለንግድ ወጥተው አዲስ አበባ የከተሙ ቤተሰቦች፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዓረፋ ወደ ትውልድ ቀያቸው ይጓዛሉ። አዲስ አበባ የተወለዱት ልጆች ግን ቀዬውን ከማየታቸው በፊት ያውቁታል፦ የአያትን ጎጆ፣ የእንሰቱን ጓሮ፣ ጀፎረ የሚባለውን የመንደሩን ሰፊ መስክ። ሲወራላቸው ስላደጉ በዓሉ ሲቃረብ መቼ እንደሚኬድ ደጋግመው ይጠይቃሉ። እግር ያልደረሰበትን አገር ጆሮ ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ተረት ሲያወሩ፣ ብዙ ልጆች በምናብ መንደሮች ውስጥ ከምናብ እንስሳት ጋር ኖረዋል።

ፊልም ይህን ከተረትም በላይ ያጠነክረዋል። ቪዲዮ ቤት በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች በተስፋፋበት ዘመን፣ በበርበሬ ገበያው የሚታወቀውን እንሴኖን የመሰለ ከተማ ልጅ ዓለምን ያየው ከአግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መስኮቱ በጆንያ ወይም በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል፣ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር። የሚታየው በብዛት ካራቴና የህንድ ፊልም ነበር። በመሃል ግን ትልቁም ትንሹም አብሮ የሚያየው የጀብዱ ፊልም ይገባል፤ ከእነዚህ አንዱ «ጁማንጂ» ነው። እንግሊዝኛውን የሚሰማ አንድ ከፍ ያለ ተማሪ ካለ በሹክሹክታ ይተረጉማል፤ ከሌለም ታሪኩን ዓይን ብቻውን ይከተለዋል።

«ጁማንጂ» እ.ኤ.አ. በ1995 በጆ ጆንስተን አዘጋጅነት ወጣ። መነሻው ክሪስ ቫን ኦልስበርግ በ1981 ያሳተመው ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ ነው። በ1969 አለን ፓሪሽ የተባለ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ አንድ የተቀበረ የገበታ ጨዋታ ያገኛል። ዛር (ዳይስ) ሲጥል ጨዋታው ወደ ውስጡ ይስበዋል፤ ሌላ ተጫዋች አምስት ወይም ስምንት እስኪጥል ድረስ በጫካ ይቀራል። ከ26 ዓመት በኋላ ወላጆቻቸውን ያጡ ጁዲና ፒተር የሚባሉ እህትና ወንድም በአለን የድሮ ቤት ጨዋታውን ያገኙና ያስወጡታል። ጺሙ ያደገውን አለንን የሚጫወተው ሮቢን ዊልያምስ ነው። ዛር በተጣለ ቁጥርም አንበሳ፣ ጦጣ፣ አውራሪስ፣ ዝሆንና የሜዳ አህያ ከጨዋታው ወጥተው ከተማዋን ያተራምሳሉ።

ለአሜሪካዊ ልጅ የማይታወቀው አገር ያ ጫካ ነው። ለእንሴኖ ልጅ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። በቆሎ ማሳ ላይ ጦጣና ዝንጀሮ ሲጠብቅ የዋለ፣ ማታ የጅብ ድምፅ የሰማ፣ በስተምሥራቅ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ጉማሬ እንዳለበት ሲነገር ያደገ ልጅ በአራዊቱ ብዙም አይደነቅም። ጦጣዎቹ ወጥ ቤቱን ሲያፈርሱ የሚያስገርመው ወጥ ቤቱ ነው፦ ማቀዝቀዣው፣ መሳቢያዎቹ፣ የማያልቀው ዕቃ። ባለ ደረጃው ቤት፣ አሮጌ ዕቃ የሞላበት የጣሪያ ሥር ክፍል፣ ብራንትፎርድ የምትባለው ከተማ አደባባይና ሐውልት፤ ጫካው ይህ ነው። ስለዚህ ልጁ ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ የሚናፍቀው ከቶ የማያውቃትን ከተማ ነው፤ ያውም በገሃዱ ዓለም የሌለች፣ በኒው ሃምፕሻየሯ ኪን ከተማ ላይ የተቀረጸች።

ለምሳሌው የሚሟገት ሰው ይህ ምኞት እንጂ ናፍቆት አይደለም ይል ይሆናል፤ ምኞት ያላገኙትን ይፈልጋል፣ ናፍቆት የተለዩትን። ተቃውሞው ጠንካራ ነው። ሆኖም የፊልም ተመልካች ልጅ ያልነበረበትን ቦታ አልተመኘም። ለአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል እዚያ ኖሯል፤ ፊልሙ ሲያልቅም ተባሯል። በማግስቱ ጓደኞቹን ሰብስቦ በካርቶን ላይ ገበታ የሚሥለውና ጠጠር የሚጥለው ወደ ተለየው ቦታ ለመመለስ ነው። በልጅነት ረገድ ምሳሌው ይሸነፋል።

የተመልካቹ ዕድሜ ሲገፋ ግን ፍርዱ ይለወጣል። በ1995 ዐሥር ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ አርባውን ነክቷል፤ ሮቢን ዊልያምስ ፊልሙ ሲወጣ 44 ዓመቱ ነበር። በልጅነት ሽማግሌ የመሰለው አለን አሁን እኩያ ነው። ፊልሙን በዚህ ዕድሜ ደግሞ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ሰው ሠራሽነቱን ነው። በኮምፒውተር የተሠሩት ጦጣዎች ፀጉራቸው ከባድ፣ እንቅስቃሴያቸው ግትር ነው፤ ሥራውን የሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ለ«ጁራሲክ ፓርክ» ዳይኖሰሮችን የፈጠረው ድርጅት ሆኖም እንኳ ዘመኑ ያስታውቅበታል። ይህ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይረብሻል፤ ፊልሙ ክብደቱን ያስቀመጠው በአራዊቱ ላይ አይደለምና።

ክብደቱ ያለው አለን ከጫካ በወጣበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያ ሥራው እናትና አባቱን እየጠራ ቤቱን መዞር ነው። ማንም አይመልስለትም። ወደ ፋብሪካው ይሮጣል፤ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ከተማዋም ከእርሱ ጋር ደህይታለች። በባዶው ፋብሪካ ያገኘው ሰው፣ ባለቤቱ ልጁ ከጠፋበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ፍለጋው ላይ እንዳዋለና በመጨረሻም ሥራውን እንደተወ ይነግረዋል። ቀጥሎ የወላጆቹ መቃብር ይታያል። ልጅ ይህን ክፍል ዝሆኑ እስኪመጣ ድረስ በትዕግሥት ያሳልፈዋል፤ ልጅ የወለደ ሰው ግን ሊያሳልፈው አይችልም። መጽሐፉ ውስጥ አለን የሚባል ሰው የለም፤ የጠፋውን ልጅና የሚፈልገውን አባት ያመጡት የፊልሙ ጸሐፊዎች ናቸው፣ እጅግም የተባረከ ጭማሪ ነው።

አለንን በጠመንጃ የሚያሳድደው አዳኝ ቫን ፔልትም በሁለተኛው እይታ ሌላ ሰው ይሆናል። እርሱንና የአለንን አባት የተጫወተው አንድ ተዋናይ፣ ጆናታን ሃይድ ነው። አባቱ ልጁን የሚፈራውን ነገር ቆሞ እንዲጋፈጥ መክሮት ነበር፤ በመጨረሻ አለን በአዳኙ ፊት ሳይሸሽ የሚቆመው በዚሁ ምክር ነው። ልጅ ሆኖ ያየው ሰው ሁለቱን ፊቶች አያገናኝም፤ አባቱን ፈርቶ ያደገና ኋላም ራሱ አባት ሆኖ የተፈራ ሰው ግን ወዲያው ያገናኛቸዋል።

እዚህ ላይ ምሳሌው ተመልሶ ይቆማል። ፊልሙ አልተለወጠም፤ የአባቱ ኀዘን በ1995ም እዚያው ነበር። ልጁ ያላለቀሰው ያንን የኀዘን አገር ስላላወቀው ነው። ሰው አባት ወይም እናት ሲሆን፣ ወይም ቤት ተዘግቶ ሲጠብቀው፣ ያን ጊዜ ለአለን ወላጆች ሆዱ ይባባል። በደቡብና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ብዙ ወጣቶች በእግርና በመኪና ድንበር እያቋረጡ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል፤ ሌሎች ወደ ዓረብ አገሮች ሄደዋል። ድምፁ የጠፋ ልጅን ወሬ ለማግኘት በሬ የሸጠ፣ ደላላ የተማጸነ፣ ገበያ መውጣት የተወ አባት በእነዚህ መንደሮች የታወቀ ሰው ነው። የእንሴኖ ተመልካች የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱን ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገውም፤ በዚህ ክፍል ብራንትፎርድ የጎረቤት መንደር ነች።

ለአለን ፊልሙ ይራራለታል። ጨዋታው ሲያበቃ ዘመኑ ወደ 1969 ይመለሳል፤ አለን እንደገና ልጅ ሆኖ አባቱን ያቅፋል፣ 26ቱን ዓመታት ግን አይረሳም። ፊልሙን የሚመለከተው ሰው ይህ አይሰጠውም። ፊልሙን ዛሬ በስልኩ ቢከፍተው ሥዕሉ ከድሮው ካሴት ይልቅ ጥርት ያለ ነው፤ አግዳሚው፣ በሹክሹክታ የሚተረጉመው ልጅ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት ግን አብረው አይከፈቱም። ኋላ ተመልሶ ሲታይ በልጅነት ስለ ብራንትፎርድ የተነሣው ናፍቆት ቪዲዮ ቤቱንም አዝሎ ነበር፤ ያ ቤት በየቀኑ የሚታወቅ ስለነበር ግን ያን ጊዜ የናፈቀው አልነበረም። ምሳሌው በዚህ በኩል ዝም ይላል፦ የሚያውቁት አገርም እስኪለዩት ድረስ አይናፍቅም።

ሮቢን ዊልያምስ በነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ሰዎች ኪን ከተማ ሄደው፣ ለፊልሙ ሲባል ግድግዳ ላይ በተሣለው «የፓሪሽ ጫማ» ማስታወቂያ ሥር አበባ አኖሩ። ያዘኑለት ሰው በሕይወት ያላገኙት፣ ፋብሪካውም ጫማ ያልሠራ ነው። ምሳሌው ይህንን አያስረዳም፤ ተረት፣ ፊልምና የወላጅ ወሬ ሰውን ካልረገጠው ቦታ ጋር እንደሚያስተዋውቁት ካልተቀበለ በቀር።

በ2017 «ጁማንጂ» እንደ አዲስ ሲሠራ ገበታው የቪዲዮ ጨዋታ ሆነ፤ ተጫዋቾቹም ራሳቸው ወደ ጫካው ገቡ። አዲሱ ፊልም ፈጣንና አስቂኝ ነው፤ ልጁ የጠፋበት አባት ግን በጠርዙ ቀርቷል። የዛሬ ልጆች በብዛት የሚያውቁት ይህንን ነው። ለዓረፋ እንሴኖ የገባ አባት ልጆቹን ሰብስቦ የ1995ቱን ሲያሳያቸው ጦጣዎቹ ላይ ይስቃሉ፣ አዳኙ ሲመጣ ይጮኻሉ፣ የፋብሪካው ክፍል ሲደርስ ውኃ ሊጠጡ ይነሣሉ። አባትየው ያንን ክፍል ብቻውን ያየዋል።