ፌንጣው ምን ይጎድለዋል?

በአማርኛችን ጎን ለጎን ስለሚሄዱ አንዱ የሌላው ምትክ የሚመስሉን ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ማስተካከል» ነው፤ ሁለተኛው «ማሻሻል»። ያስተካከለ ሰው ያለውን ነገር በቦታው ትቶ፣ ጥቂት አጥብቆ ጥቂት አላልቶ፣ ከሥራው ጋር ያስማማዋል። ያሻሻለ ሰው ግን፣ ቃሉ ዛሬ በገበያ በሚነገርበት ትርጉም ከተወሰደ፣ ያለውን አውጥቶ የተሻለ ይተካበታል። የመጀመሪያው ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ገንዘብ። ሰው ነገር አልሳካ ሲለው አዘውትሮ የሚያነሣው ጥያቄ «ምን ይጎድለኛል?» የሚል ነው። «ያለኝን ምን ያህል አውቀዋለሁ?» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። ከሁለቱ ጥያቄዎች የትኛው ይቅደም? ጉዳዩን ብዙ ሰው የልጅ ጨዋታ ብሎ በሚያልፈው ነገር ልንመረምረው እንችላለን፤ በባትሪ በምትሠራና በሪሞት በምትነዳ፣ በአቧራና በአሸዋ ላይ በምትሽቀዳደም ትንሽ መኪና።

ይህች መኪና ቁመቷ የእውነተኛዋን አንድ አሥረኛ ያህላል። ይሁን እንጂ አሞርዛተር አላት፣ ሞላ አላት፣ ዲፈረንሻል አላት፤ የፊት ጎማዎቿ በመሪ ይታዘዛሉ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 «ሳንድ ስኮርቸር» የተባለችውን አወጣ። እርሷም በአሸዋ ላይ እንድትሮጥ የተለወጠችውን ቮልስዋገን፣ ማለትም አዲስ አበባ «ቮልስ» እያለች ስትንከባከባት የኖረችውን መኪና የምትመስል ነበረች። በ1984 ደግሞ ያው ኩባንያ ለጀማሪ የምትሆን፣ ዋጋዋ የማይከብድ ቀላል መኪና ሠርቶ «ግራስሆፐር» ብሎ ሰየማት፤ በእኛ ቋንቋ ፌንጣ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ አሶሺዬትድ የተባለው ድርጅት ሻንሲዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ አሞርዛተሮቿ ዘይት የተሞሉ፣ ከመነሻዋ ለውድድር የታሰበችውን «አር ሲ ቴን» አቀረበ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ የድኻ ልጅ መኪናና የባለሙያ መኪና አብረው ተወለዱ ማለት ይቻላል።

ፌንጣዋ የተሸጠችው 380 በሚባለው ትንሽ ሞተር ነበር። በዚያው ሻንሲ ላይ የተሠራችው እኅቷ «ሆርኔት» ግን 540 የሚባለውን ትልቁን ሞተር ይዛ ወጣች። የብዙ ባለ ፌንጣዎች የመጀመሪያ ምኞትም ያንን ሞተር መግጠም ሆነ። ጥሩ ነው፤ ይገጠም። ሞተሩ ሲበረታ ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ሌላ ባትሪ ይገዛል። ጎማው መሬቱን መያዝ አቅቶት በቦታው ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ሌላ ጎማ ይገዛል። መኪናዋ ከበፊቱ ፈጥና ጉብታው ላይ ስትደርስ ትዘላለች፤ ስለዚህ ሌላ አሞርዛተር ይገዛል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ እ.ኤ.አ. በ1769 በታተመ አጭር ጽሑፉ ስለዚሁ ነገር አውግቷል፤ የእርሱ ጉዳይ ግን መኪና ሳይሆን የቤት ካባ ነበር። አሮጌውን ካባውን ጥሎ አዲስና ውብ ካባ ሲለብስ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የግድግዳው ጌጥ ሁሉ ከካባው ጋር ሲነጻጸሩ አስቀያሚ ሆኑበት፤ አንድ በአንድም ተካቸው። የአሮጌው ካባ ጌታ የነበረው ሰው የአዲሱ ካባ ባሪያ ሆነ። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚለው የእኛ አባባልም ከዚያው ቁስል የወጣ ነው።

ማስተካከል ግን ሌላ መንገድ ነው። በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሲወፍር ጎማው ቶሎ መውረድ ያቅተዋል፤ ጉድጓድ በበዛበት ሜዳ መኪናዋ መሬቱን ሳትነካ ትንጠለጠላለች። ዘይቱ ሲቀጥን ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ትወዛወዛለች። የኋላ ጎማዎች አፍንጫቸውን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ሲያዞሩ መኪናዋ ትረጋለች፤ በለውጡም ከፍጥነቷ ጥቂት ትከፍላለች። በሞተሩ ጫፍ ያለውን ትንሽ ጥርስ በትልቅ የተካ ሰው በቀጥታ መንገድ ይፈጥናል፤ ሞተሩ ግን ይግላል፤ ልክ ካለፈም ይቃጠላል። በዚህ ዓለም ውስጥ ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ እያንዳንዱ ትርፍ ከሌላ ቦታ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች አንድ ሕግ አላቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ነድተህ ሞክር፣ ያየኸውንም ጻፍ ይላሉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው መኪናው ብትሻሻል እንኳ ለምን እንደተሻሻለች አያውቅም። ይህ ሕግ ከጨዋታ ሜዳ ወጥቶ ወደ ቤተሰብና ወደ መሥሪያ ቤት ቢገባ የሚከፋ አይመስለኝም።

ነገሩ እኛ በምንኖርባት በሐርጌሳ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። በከተማችን ጋራዥ የሚሠራ አንድ የአገራችን ሰው ለ13 ዓመት ልጁ ከዱባይ ዘመድ የላከለትን አሮጌ መኪና ይዞ፣ የእንግሊዝኛውን መመሪያ እንድተረጉምለት ወደ እኔ መጣ። ልጁ መመሪያው እስኪነበብ አልታገሠም። «ጋሼ፣ የትኛውን ዕቃ ብንለውጠው ነው የምትፈጥነው?» አለኝ። መልሱን የሰጠው አባት ነው፤ «መጀመሪያ ጎማዋን አንሣና በጣትህ አሽከርክራት፤ ስማት» አለው። ልጁ አሽከረከረ። ጎማው ሁለቴ ዞሮ እየተንሻጠጠ ቆመ። ኩሽኔታው አቧራ በልቶ ነበር። አንዱ ኩሽኔታ ታጥቦ ዳነ፤ ሌላው ስለተበላ በአዲስ ተተካ። አባትየው ልጁን ለይቶ ያስተማረው ይህን ነው፤ ያለቀና ያላማረ አንድ አይደሉም። ያለቀውን መተካት ግዴታ ነው፤ ያላማረውን ግን ከመተካት በፊት ማወቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣውም ፍትሐዊ ነው። «ያለህን እወቅ፣ በያዝከው ርካ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካለው ሰው ነው፤ የሚሰጠውም ለሌለው ነው። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ያ ልጅ ለበጋ ዕረፍት ከአውሮፓ ከመጣ የሰፈር ልጅ ጋር ተሽቀዳደመ። የእንግዳው መኪና አዲስ ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ ይነዳሉ፤ ሞተሯ ካርቦን የሌለው ዘመናዊ ሞተር ነው፤ ባትሪዋ ሊቲየም ነው። ፌንጣ ብጤዋ ተሸነፈች። በዚያን ሰዓት ለልጁ «ዋናው ልምምድ ነው፣ ዕቃ ምንም አይደለም» ብንለው ዋሽተነዋል። ዕቃ ነገር ነው። ገንዘብ ነገር ነው። ይህን የካደ ምክር ጥበብ ሳይሆን ማባበያ ነው፤ ልጆች ደግሞ ማባበያን ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ያውቁታል።

ታዲያ መልሱ ሄዶ መግዛት ነውን? አሜሪካ ተወልዶ በካናዳ ያስተማረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ጨዋታ ምንነት አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጽሐፉም ስም እንደ መኪናይቱ «ፌንጣው» ነው። በኤዞፕ ተረት ጉንዳን በጋውን ሙሉ ስታከማች ፌንጣው ሲጫወት ከርሞ ክረምት ሲመጣ ይራባል፤ ሱትስ ግን ለተጫዋቹ ተከራከረለት። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፤ መጫወት ማለት አስፈላጊ ያልሆነን መሰናክል በፈቃድ ለማለፍ መሞከር ነው። የጎልፍ ተጫዋች ኳሷን ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ብቻ ቢሆን ዓላማው፣ በእጁ ይዞ ሄዶ በጣላት ነበር። በረዥም ዱላ ከሩቅ መምታቱን የተቀበለው ያለዚያ ጨዋታው ስለማይኖር ነው። እንግዲህ ገደብ የጨዋታ ጠላት አይደለም፤ የጨዋታ መሠረት ነው።

ይህን የትንሽ መኪና ተወዳዳሪዎች ከፈላስፋው ሳይማሩ በራሳቸው ደርሰውበታል። በብዙ አገር ክለቦች ማንኛውም ሞተር ከሚፈቀድበት ምድብ ጎን፣ ሁሉም ሰው ባለ 17.5 ጥምጥም ሞተር ብቻ የሚይዝበት ምድብ አለ። የሽቦው ጥምጥም ሲበዛ ሞተሩ ይረጋል፤ ሲያንስ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እኩል ማድረግ ጉልበቱን ማቀራረብ ነው። ያም ሆኖ ገንዘብ ሌላ ቀዳዳ መፈለጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ቀዳዳው ይጠብባል፤ የእጅና የዐይን ድርሻም ይሰፋል። ገደቡ ፍትሕ የሚሆነው ግን ባለው ሰው ላይም ሲሠራ ነው። በድኻው ላይ ብቻ የተጫነ ገደብ ስሙ ድህነት ነው፤ ሁለቱም ተስማምተው የተቀበሉት ገደብ ደግሞ ሕግ ይባላል። የቁጣችን ትክክለኛ መልስ ይህ ልዩነት ይመስለኛል።

ልጆቹ 17.5 የሚባል ነገር አልሰሙም፤ ግን የራሳቸውን ሕግ አወጡ። «አንተ በእኔ፣ እኔ ባንተ» ተባባሉና መኪና ተለዋወጡ። የእኛው ልጅ ፈጣኗን ይዞ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ገለበጣት፤ እጁ ያንን ፍጥነት አያውቀውም ነበር። እንግዳው ልጅ ዝግተኛዋን ይዞ ሳይገለበጥ ጨረሰ፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መታጠፊያውን ከሩቅ ማሰብ ግድ ሆነበት፤ ስህተቱን የሚያካክስለት ጉልበት አልነበረምና። ማን አሸነፈ? በዚያ ዙር የሚነገር አሸናፊ አልነበረም። ይሁንና ሁለቱም ከዕቃው የሆነውንና ከእጃቸው የሆነውን መለየት ጀመሩ። ይህ መለየት ከድል የሚያንስ አይመስለኝም።

በማስተካከልና በመቆጠብ ስም ሊታለፍ የማይገባው ነገርም አለ። የሊቲየም ባትሪ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ያበጠ ወይም የተበሳ ባትሪ ደግሞ እሳት ይነሣበታል። ለእርሱ የሚስማማ ቻርጀር ሳይገዙ ባገኙት ቻርጀር መሙላት፣ ልጅ በሚተኛበት ክፍል ሌሊቱን ሰክቶ መተው፣ ብልኀት አይባልም። ሰው የሚጎዳበት ቦታ ላይ የተሻለውን መግዛት ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችን «እንግዛ ወይስ አንግዛ» የሚል አይደለም፤ «የምንገዛው ምን ስለምናውቅ ነው?» የሚል ነው።

በዚህች ከተማ ማስተካከል ምን እንደሆነ በየቀኑ እናያለን። ከጃፓን የሚመጡት አሮጌ መኪናዎች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ መንገዱም የሚነዳው በቀኝ ነው። ሾፌሩ የፊቱን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ አንገቱን አስግጎ «ና፣ እለፍ» ይለዋል። መኪናውን መለወጥ ያልቻለ ሰው ዐይኑን ለወጠ፤ ያልቻለውንም ከጎኑ ካለው ሰው ተበደረ። ይህን የማወድሰው ያለ አደጋ ስለሆነ አይደለም፤ አደጋ አለው። ነገር ግን የሰው ችሎታ ከዕቃ ጉድለት ቀድሞ መሄድ እንደሚችል ያሳያል።

አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ አለ። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ጠብቀው ሲያኖሩ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ሁሉም ሳንቃ ከተተካ በኋላ መርከቡ ያው ነውን ብለው ፈላስፎች ተከራከሩ። እንግሊዛዊው ሆብስም በ17ኛው መቶ ዘመን ጥያቄውን አከበደው፤ የወለቁትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ የሠራ ቢኖር እውነተኛው የቱ ነው? ሞተሯ፣ ጎማዋ፣ አሞርዛተሯና ሻንሲዋ የተለወጠ ፌንጣም ይህንኑ ትጠይቃለች። ሐርጌሳም ትጠይቀናለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ በተነሡ የጦር አውሮፕላኖች ተደብድባ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ፤ ሕዝቧ ተሰዶ በሐርተሼክና በሌሎች የኢትዮጵያ ሰፈሮች ተጠለለ፤ ከ1991 በኋላ ተመልሶ ከተማዋን ድንጋይ በድንጋይ ሠራት። ከቀድሞው ግድግዳ የቀረው ጥቂት ነው። ሆኖም ማንም ሌላ ከተማ ናት አይልም፤ ጎረቤቱ ማን እንደነበረ፣ መንገዱ ወዴት ይሄድ እንደነበረ የሚያውቁ ሰዎች ተመልሰው ሠርተዋታልና።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። ነገርን ያው የሚያሰኘው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ በነገሩ ላይ የተጠራቀመው ዕውቀትም ነው። የተገዛ ዕቃ ከመኪናው ጋር ያረጃል፤ ዘይቱን አወፍሮ አቅጥኖ፣ ጎማውን አዳምጦ የተማረ እጅ ግን ወደሚቀጥለው መኪና ይሻገራል፤ ከመኪናም ወደ ሌላ ሙያ። ቤቱን፣ ጓዙንና ሰፈሩን ትቶ ድንበር የተሻገረ ሰው፣ ይዞት የሚመጣው ይህንኑ ብቻ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻም። «ሙያ በልብ ነው» ሲባል ምስጢር ጠብቅ ማለት ብቻ አይደለም፤ ሊነጠቅ የማይችለው እዚያ ያለው ነው ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ነገ አዲስ ሞተር ቢጠይቅ አባቱ ሊገዛለት ይችላል፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አስቀድሞ ይጠይቀው፤ «ያለህ ሞተር እስከ የት ድረስ ወሰደህ? ከዚያ በላይ ያልወሰደህስ እርሱ ነው ወይስ አንተ?» ልጁ ይህን በእውነት መመለስ የቻለ ቀን፣ ቢገዛም ባይገዛም የሚሻለውን ያውቃል።