በሌለ ሰው ስም የመጣ ደብዳቤ

ሰው መንገድ ሲነሣ ስንቁን ይሰንቃል፤ ቤቱን ለጎረቤት፣ ልጆቹን ለዘመድ፣ ሥራውን ለባልደረባ አደራ ብሎ ይሄዳል። ስሙን ለማን እንደሚተው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። አካሉ ከከተማ ቢወጣም ስሙ በዚያው ይቀራል፤ ደብዳቤ የሚጽፍለትም ሰው የሚያውቀው ያንኑ ስምና ያንኑ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። እንግዲህ ባለቤቱ በሌለበት በስሙ የመጣውን ማን ይቀበለው? የተቀበለውስ ሰው እስከ ምን ድረስ ኀላፊ ነው? ጥያቄው ትንሽ መስሎ ይታያል። ሆኖም እኛ ራሳችን ከፈጸምነው ጥፋት ስለ ተማርነው ለአንባቢዎቻችን ልናካፍለው ወደድን።

በቀድሞው ዘመን መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ወንዝ ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ ያደርስ ነበር። የተላከበትን ሰው ከቤቱ ቢያጣው ወዴት እንደ ሄደ ጠይቆ ይከተለዋል፤ ወይም እስኪመለስ ይጠብቀዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ አቋቋሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያም ወዲህ የዘንጉን ቦታ ሣጥንና ቁልፍ ተረከቡት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስለ እርሱም ልናመሰግን ይገባናል። ነገር ግን ሣጥን አይጠይቅም። ባለቤቱ አገር ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ይታመም ይዳን፣ ለሣጥኑ ሁሉም አንድ ነው። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ድረስ ስለ ሆነ፣ ከሣጥኑ እስከ ሰውየው ያለውን የመጨረሻውን መንገድ የሚሄደው ቁልፉን የያዘው ነው። ቁልፍ ያዡ፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ የዚያ የጥንቱ መልእክተኛ ወራሽ ሆኗል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን ለመስክ ሥራ ሁለት ወር ያህል ወደ ክፍለ ሀገር ሲሄድ የሣጥኑን ቁልፍ ለእኛ ሰጠን። «አደራ» አለን፤ እኛም «አታስብ» አልነው። በየሳምንቱ እየሄድን ሣጥኑን ከፈትን፤ ያገኘነውንም ሁሉ ሳናጎድል አምጥተን በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበት። አንዱንም ፖስታ አልከፈትንም፤ አንዱንም አልጣልንም። ባልደረባችን በተመለሰ ቀን የታሰረውን ጥቅል በኩራት አስረከብነው። እርሱም እያገላበጠ ሲመለከት፣ በመካከሉ ከተገኘች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ዓይኑ ቆመ። ወረቀቷ በሪኮማንዴ የመጣ ዕቃ ስላለ መጥተው ይረከቡ የምትል ማስታወቂያ ነበረች። ወደ ፖስታ ቤት ሮጠን ብንሄድ የማቆያው ጊዜ አልፎ ዕቃው ወደ ላኪዋ ተመልሷል ተባልን። ላኪዋ በዋሽንግተን የምትኖር እኅቱ ነበረች፤ ዕቃው ደግሞ ለአሮጊት እናታቸው በሐኪም ልክ የተሠራ መነጽር ነበር። እናትዮዋ ያን ዐቢይ ጾም ዳዊታቸውን ሳይደግሙ አሳለፉት። ባልደረባችን አልተቆጣንም። ወረቀቱ በደንብ እንደ ተጠበቀ፣ መልእክቱ ግን እንዳልተጠበቀ በለሰለሰ ቃል ነገረን። ቢቆጣን ይሻለን ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሳችንን ስንመረምር መጀመሪያ ያገኘነው ሰበብ ነው። አልሰረቅንም፤ አልከፈትንም፤ አላጠፋንም። ታዲያ ጥፋታችን ምንድር ነው? እነሆ፣ አብዛኛው ሰው ስለ አደራ ያለው አሳብ በዚህ የሚያበቃ ይመስለናል። አደራን «አትንካ» በሚለው ቃል ብቻ እንተረጉመዋለን። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ ግን ጥብቅነቱን የተናገሩት ስለ መሳቢያ ቁልፍ ብቻ አይመስለንም። እህል አደራ የተቀበለ ሰው ነቀዝ ሲገባበት እያየ «እኔ አልበላሁትም» ቢል ማን ያመሰግነዋል? ደብዳቤም እንደ እህል ጊዜ አለው። ዛሬ የሚጠቅመው ቃል ከወር በኋላ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ነገሩ በእኛና በባልደረባችን መካከል ብቻ አልነበረም። በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት፣ አንድ የፖስታ ዕቃ ለተገቢው ተቀባይ እስኪሰጥ ድረስ በመርሕ ደረጃ የላኪው ንብረት ነው። ይህ ደንብ የወጣው ለፖስታ ቤቶች ቢሆንም ለእኛ የሕሊና ትምህርት ይሆነናል። መሳቢያችን ውስጥ የተኛው ሁሉ የባልደረባችን ብቻ ሳይሆን የጻፉለትም ሰዎች ነበር። እኅቱ ገንዘቧን ከፍላ፣ ተሰልፋ፣ አሽጋ ስትልክ እኛን አታውቀንም፤ ሳታውቀን ግን አምናናለች። የማያውቀን ሰው የጣለብን እምነት ከሚያውቀን ሰው እምነት ይበልጥ ይከብዳል፤ ሊቆጣጠረን አይችልምና።

ምናልባት አንድ ተከራካሪ፣ «እንግዲያውስ የመጣውን ሁሉ ከፍታችሁ ብታነቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር» ይለን ይሆናል። ይህን አንቀበልም። የደብዳቤ ምስጢር ለሰው ልጅ ክብር ያለውን ዋጋ የአገራችን ሕጎች ከቀድሞ ጀምሮ ተገንዝበውታል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፣ ሕግ ከወሰነው ምክንያት በቀር የማንም ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደነገገ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ መብት፣ እንደ አጋጣሚ በዚያው ቁጥር ባለው አንቀጽ ውስጥ፣ አስፍሮታል። በጎ አሳብ አለኝ ብሎ የሰውን ፖስታ የሚቀድ ዛሬ መነጽር ቢያድን ነገ የሰው ገመና ያወጣል። ይልቁንም መክፈት ከቶ አላስፈለገንም ነበር። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ክፍት ነበረች። የታሸገውም ፖስታ ቢሆን የላኪውን ስም፣ የመጣበትን አገር፣ ማኅተሙ የተመታበትን ቀን በጀርባውና በፊቱ ይናገራል። እኛ ላለመድፈር ስንል ላለማየት ወሰንን፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የአደራ ጠባቂ እጁ የታሰረ፣ ዓይኑ ግን የተከፈተ ሊሆን ይገባዋል።

የሚያሳፍረን ደግሞ ይህን ሥራ በሚገባ የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የገባበት ቀን፣ የላኪው ስም፣ ጉዳዩና የተመራበት ክፍል በገቢ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ኀላፊው ለሥራ ቢወጣ ተወካይ ይተካል፤ አስቸኳይ የሆነው ጉዳይ ተለይቶ ይነገረዋል። ለመንግሥት ወረቀት ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ለወዳጃችን ደብዳቤ አንድ ቅጠል ወረቀትና አንድ እርሳስ ነፈግነው። በየሳምንቱ «ከእገሌ ፖስታ መጥቷል፤ ከፖስታ ቤትም ማስታወቂያ አለ» የሚል አጭር ቃል ብንልክለት በቂ ነበር። ስልክ በኪሳችን ሳለ ርቀትን ሰበብ ማድረግ አንችልም።

ስለ መንገደኛውም ፍርዳችንን እንናገር። «አደራ» የሚለው ቃል ብቻውን ሸክም ነው እንጂ መመሪያ አይደለም። የሚሄድ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ቢናገር፣ የትኛው እንደሚያስቸኩል ቢለይ፣ ዕቃ ቢመጣ በስሙ የሚረከብለትን ሰው የውክልና ወረቀት አስይዞ ቢተው፣ የማይደርስበት ችግር ቢነሣ የትኛውን ፖስታ መክፈት እንደሚፈቀድ አስቀድሞ ቢወስን፣ ጠባቂውን ከሁለት ኃጢአት ያድነዋል፤ ከመድፈርና ከቸልታ። በእንግድነት የሚሰነብት ሰው ደግሞ በሚሄድበት ከተማ ፖስታ ቤት እስኪመጣ እንዲቆይለት በፖስት ሬስታንት ሊያጽፍ ይችላል። ራሱን ያላዘጋጀ መንገደኛ ግማሹን ጥፋት ከጠባቂው ጋር ይካፈላል። ይህን የምንለው ግን የእኛን ግማሽ ለማቅለል አይደለም።

ዛሬ በሪኮማንዴ ወይም በፈጣን መልእክት ወደ ውጭ አገር በሚላክ ዕቃ ላይ አሥራ ሦስት ምልክቶች ያሉት መለያ ይለጠፋል፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። በዚህ ቁጥር ላኪውም ተቀባዩም ዕቃው የት እንደ ደረሰ ሊከታተሉ ይችላሉ። ድንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቁጥሩ «ፖስታ ቤት ደርሷል» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚቆጥረው የሰው ሕሊና ነው።

እኅትዮዋ መነጽሩን ሁለተኛ ላከችው። ያን ጊዜ ባልደረባችን ዳግመኛ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነበር፤ ቁልፉንም መልሶ ለእኛው ሰጠን። ለምን ሌላ ሰው እንዳልፈለገ አልጠየቅነውም። ማስታወቂያዋ በመጣች ቀን ግን ወደ መሳቢያችን አልሄድንም፤ በዚያው በፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመን ደወልንለት።