ዕረፍት ስንፍና ነውን?

እግሩ የተሰበረውን ልጅ የኮሶዬን ዳገት ውጣ የሚለው ሰው የለም፤ ወጌሻ ያሰረው እግር በዓይን ይታያልና። ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታውን ግን፣ ቁስሉ እንደ ደረቀ «ድነሃል፤ ለምን አታጠናም?» እንለዋለን። መጽሐፍ ሲገልጥ ራሱን ያመዋል፤ ብርሃንና ጫጫታ ይረብሸዋል፤ ያነበበውን ይረሳል። ፈተናው ሲቃረብ እኛ ደግሞ «ሰነፈ» እንላለን። ታዲያ ዕረፍት ስንፍና ነውን?

ለተጎዳ አንጎል ማንበብ፣ ማስላት፣ ማውራትም ጭምር ከባድ ሥራ ነው። ቀድሞ በሽተኛው ሕመሙ እስኪጠፋ በጨለማ ቤት እንዲተኛ ይመከር ነበር። በስፖርት የሚደርሰውን የአንጎል መናወጥ የሚያጠኑ ሐኪሞች በ2015 ዓ.ም. በአምስተርዳም ተሰብስበው ያወጡት ምክር ግን ሌላ ነው። ይኸውም የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ቀን ሥራ ማቅለል፣ ስልክና ቴሌቪዥን መቀነስ፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ሕመሙ በመጠኑ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረደ ጉዳት የለውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ማቆምና በማግስቱ ማሳነስ ይገባል።

ከቆላው ወደ ኮሶዬ የሚወጣ ገበሬ ዳገቱን በሩጫ አይጀምርም፤ እመንገድ ላይም ተኝቶ አያድርም። አርፎ ይነሣል፤ ሄዶ ያርፋል። ስንፍናና ዕረፍት የሚለዩት በዚህ ነው፤ ሰነፍ ከሥራው ለመሸሽ ይቀመጣል፣ በሽተኛው ግን ወደ ሥራው ለመመለስ ያርፋል።

ይሁን እንጂ ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ልኩን የሚያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ እርሱ እውነቱን ሊነግረን፣ እኛም ልናምነው ይገባል። «ቢያታልለንስ?» የሚል ይኖራል። ቢያታልለን የምናጣው የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ እውነተኛውን በሽተኛ ባናምነው ግን ሕመሙን በግድ እናብስበታለን፤ ከዚያም አልፎ ሕመሙን መደበቅ እናስተምረዋለን። መደበቅ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

እንግዲህ ጓደኛችንን «ለምን አልጨረስህም?» ማለቱን ትተን «ዛሬ ምን ያህል ቻልህ?» እንበለው። ያመለጠውን ትምህርት የሚገለብጥበትን ደብተር እናውሰው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና፣ እኛም አናስቸኩለው።